የቡራዩ ጀርመኖች

ቡራዩ ውስጥ የጀርመን ዘር አለ ብንላችሁ ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ ግን ጨርሱት።

መጀመሪያ ትንሽ ታሪክ። ጀርመኖች ወደዚህ አገር መጥተው ልጅ ወልደው መቅረታቸው አዲስ ነገር አይደለም። የዕፅዋት አጥኚው ዊልሄልም ሺምፐር በ1837 እ.ኤ.አ. መጣ፣ ትግራይ ውስጥ አግብቶ ወለደ፣ በ1878 ዓድዋ ላይ ሞተ። በ1858 ድንችን ለአገራችን አስተዋወቀ የሚባለውም እሱ ነው። ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር ደግሞ ከኢትዮጵያዊት ወለተ ኢየሱስ የምትባል ልጅ ወለደ። እሷን ያገባት ሞሪትዝ ሆል የሚባል ትውልደ ፖላንድ ነው፤ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሲያቀልጡ ከነበሩት አንዱ። ከመቅደላ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ያፋ ሄደ። የልጃቸው የማግዳሌና የልጅ ልጅ ማን መሰላችሁ? ሁለቴ ኦስካር የወሰደው ተዋናይ ፒተር ዩስቲኖቭ!

እነዚህ ታዋቂዎቹ ናቸው። በ1905 ኢትዮጵያና ጀርመን ውል ከተፈራረሙ በኋላ ግን ታሪክ ያልመዘገባቸው ባለሙያዎችም መጥተዋል። የጓደኛችን ቅድመ አያት አባት አንዱ ነው፤ አናጢ። «የቤተሰብ ጉባኤ አለን፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ኑ» ስትለን ደብተራችንን ይዘን ከአስኮ ታክሲ ተሳፈርን። ጋዜጠኝነት ተምሮ ሥራ የሚፈልግ ሰው ግብዣ አይመርጥም።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፣ ወደ ስልሳ ሰው ተሰብስቧል። ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ይጨዋወታል። ጀርመንኛ የሚችል አንድም የለም። ብጫ ጸጉርም የለም፤ አንድ ሕፃን ዓይኑ ትንሽ ፈዘዝ ብሏል ተብሎ ሲዞር ዋለ። ምሳ ላይ ከዶሮው ጎን ትልቅ ሳህን ድንች ቀረበ፣ በሚጥሚጣ። «ይሄ የአያታችን ነው» አለ አንዱ አጎት። እኛም በልተን አመሰገንን፤ ለሺምፐርም ጭምር።

ስሙ ራሱ የት ገባ አትሉም? በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። የአናጢው ስም በልጆቹ ላይ የአባት፣ በልጅ ልጆቹ ላይ የአያት ስም ሆነ። ከዚያ በኋላ መታወቂያ ላይ ቦታ አጣ። በአራተኛው ትውልድ ጀርመኑ ድንች ብቻ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ግድግዳው ላይ በትልቅ ወረቀት የዘር ሐረግ ተለጥፏል። ከላይ የአናጢው ስም፣ በደማቁ። ከአጠገቡ ግን ባዶ ነው። ቅዳሜ ማታ ድረስ ማንም ስለ ባዶው ቦታ ሲያነሳ አልሰማንም።

እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ዋናው አጀንዳ ወጣ። ፓስፖርት! ከጎረምሶቹ አንዱ ሕግ የተማረ ነው፤ ተነሥቶ አስረዳ። የጀርመን ዜግነት በደም ይተላለፋል፤ ስንት ትውልድ ማለፉ ብቻውን አያግድም፣ ሰንሰለቱ እንዳይበጠስ ነው። ችግሩ እስከ 1993 ድረስ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ የጀርመናዊ አባቱን ዜግነት አይወርስም ነበር። «ስለዚህ መጋባታቸውን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልገናል። ለመሆኑ ስሟ ማን ነበር?»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። እኛን ያስተማሩን «ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ» ብለው ነው። ይሄ ሁሉ ሰው መቶ ዓመት ሙሉ «ማን»ን ሳይጠይቅ ኖሯል።

ሁሉም ወደ አንድ ጥግ ዞረ። ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ሁሉም «እማማ» ይላቸዋል። የአናጢው የልጅ ልጅ እሳቸው ናቸው።

«ዛሬ ለወረቀት ስትፈልጓት ጠየቃችሁኝ» አሉ። «እሱ አገሩ ገባ፣ አልተመለሰም። ሦስት ልጆች በጠላ ያሳደገችው እሷ ናት። ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እጇ ጌሾ ጌሾ ይሸት ነበር። የምን ወረቀት? ወረቀት ቢኖራት ጠላ ትሸጥ ነበር?»

ስሟን ተናገሩ። ሕግ የተማረው ልጅ ጥቂት ቆሞ ቀረ። ወረቀት ከሌለ ፓስፖርቱም እንደሌለ ከሁሉም በፊት የገባው እሱ ነው። ለዚያ ፓስፖርት ደግሞ ስንት ነገር አስቦበት እንደነበር ጓደኛችን ነግራናለች፤ ሥራ ካጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ቢሆንም እስኪብርቶውን አውጥቶ ወደ ግድግዳው ሄደና ባዶው ቦታ ላይ ስሟን ጻፈ። አንዷ አክስት እልል አለች። ሌሎቹም ተከተሉ።

ስሟን እዚህ ያልጻፍነው ቤተሰቡ በኢንተርኔት እንዳይወጣ ስለለመነን ነው። እናንተን ግን አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ሰባት ቤት እንቆጥራለን ስንል የምንቆጥረው አባቶችን ነው። ከእያንዳንዱ አባት አጠገብ አንድ ባዶ ቦታ አለ፣ ፈረንጅ ኖረበትም አልኖረበትም። የሴት አያታችሁን እናት ስም ታውቃላችሁ? የማታውቁ ከሆነ፣ የሚያውቅ ሰው ቤታችሁ ውስጥ ካለ፣ ለወረቀት እስክትፈልጉት አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ደውሉ።