ከመንገዱ እስከ ግቢው ያለውን ቱቦ ማን ይክፈል?

የውሃ ቢላችሁን መስመር በመስመር አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን የምናየው ጠቅላላ ሒሳቡንና የመክፈያውን ቀን ነው። እኛ ቤት ግን ቢል ማስተርጎም የእኔ ሥራ ስለሆነ እያንዳንዱን መስመር ለአባቴ በአማርኛ አስረዳዋለሁ። ሜልበርን ውስጥ ከተጠቀማችሁበት ውሃ ሌላ ለፍሳሽ አገልግሎት የሚከፈል ሒሳብ አለ። አባቴ እዚያ ስንደርስ ሁሌ «ደግሞ ለቆሻሻውም ይከፈላል?» ይላል።

ነርሲንግ ከጀመርኩ ወዲህ የአባቴ ጥያቄ ሌላ መልክ ያዘብኝ። ታይፎይድ ከታማሚ ሰገራ ወጥቶ በውሃና በምግብ አድርጎ ወደ ሌላ ሰው አፍ ይገባል። መድኃኒቱ አንድን ሰው ያድናል፤ መንገዱን የሚዘጋው ግን ንጹሕ ውሃና በአግባቡ የሚወገድ ፍሳሽ ነው። እናም «ለቆሻሻው» የምንከፍለው ገንዘብ የጤና ወጪ ነው።

ሜልበርንም ይህን የተማረችው በመከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ በወርቅ ገንዘብ የበለጸገች ከተማ ነበረች። ያን ጊዜ ግን የቤቶች እጣቢ በክፍት ቦይ ወደ ያራ ወንዝ ይወርድ ነበር። ሰገራው ደግሞ በባልዲ ተጠራቅሞ በሌሊት በጋሪ ይጋዛል። በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ከቤቶቹ ጀርባ የምናያቸው ጠባብ መተላለፊያዎች እነዚያን ጋሪዎች ያስተናግዱ ነበር። ሽታዋ የታወቀ ስለነበር ስሟን አጣመው «ስሜልበርን» ይሏት ነበር። ታይፎይድም ብዙ ሰው ይገድል ነበር።

በ1888 የከተማዋን ንጽሕና የሚመረምር ሮያል ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1891 ደግሞ ሥራውን የሚመራ ቦርድ ተመሠረተ። ጄምስ ማንሰርግ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ባቀረበው እቅድ ላይ ተመሥርቶ የቦርዱ ዋና መሐንዲስ ዊልያም ትዌይትስ ሥራውን መራ። ፍሳሹ በዋሻ ቱቦዎች ወደ ስፖትስዉድ ይወርድ ነበር፤ እዚያ በእንፋሎት ሞተር ተገፍቶ ወደ ዌሪቢ እርሻ ይሄድ ነበር። የስፖትስዉዱን ጣቢያ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ በሳይንስወርክስ ሙዚየም ግቢ ውስጥ ነው። ዌሪቢ ደግሞ እስከ ዛሬ የሜልበርንን ግማሽ ያህል ፍሳሽ ያጣራል።

ገንዘቡስ ከየት መጣ? ከብድር። በ1893 ባንኮች በላይ በላዩ ሲዘጉና ሥራ ሲጠፋ እንኳ ቁፋሮው አልቆመም። ብድሩ የሚከፈለው ከቤትና ከመሬት ባለቤቶች በሚሰበሰብ ዓመታዊ ክፍያ ነበር። ይህ ለእኔ ፍትሐዊ ይመስለኛል፤ ቱቦው መቶ ዓመት የሚያገለግል ከሆነ የዚያ ዘመን ሰው ብቻውን ሊከፍለው አይገባም። የመጀመሪያው ቤት፣ በፖርት ሜልበርን ያለ ሆቴል፣ በ1897 ከመስመሩ ጋር ተገናኘ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤቶቹ ከቱቦው ቀድመው ሄዱ። ብዙ አዳዲስ ሰፈሮች ያለ ፍሳሽ መስመር ቆዩ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጎፍ ዊትላም ፌዴራል መንግሥት ለዚህ ገንዘብ መመደብ ነበረበት። አሁን በአዳዲሶቹ ሰፈሮች የውስጡን ቱቦ የሚዘረጋው መሬቱን የሚያለማው ድርጅት ነው፤ ወጪውም በመሬቱ ዋጋ ውስጥ ይገባል። ታርኒት ወይም ዊንድሃም ቬል ቤት የሠራ ዘመድ ካላችሁ፣ ሳይታወቀው ከፍሎታል ማለት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ጥያቄው ይከብዳል። በዓለም ባንክ ብድር የቃሊቲው ማጣሪያ ጣቢያ ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ተሠርቷል። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ጣቢያው የሚያጣራው የሚደርሰውን ብቻ ነው፤ ብዙ ቤት አሁንም በጉድጓድ ሽንት ቤትና ፍሳሽ በሚመጥ መኪና ይኖራል።

ባለፈው ክረምት አክስቴ ጋ ከርሜ ነበር። ግቢውን አምስት ቤተሰብ ይጋራዋል፤ ሽንት ቤቱ ሲሞላ አዋጥተው መኪና ይጠራሉ። የፍሳሽ መስመር ከበሩ ፊት ባለው መንገድ ሥር ያልፋል። «አክስቴ፣ ታዲያ ለምን አታስገቡም?» አልኳት።

«የኔ ልጅ፣ ቤቱ የቀበሌ ነው። ዛሬ ብር አውጥተን ብናስገባ፣ ነገ ለልማት ተነሡ ብንባልስ? ደግሞ ውሃው በፈረቃ ነው። በምን ልናወርደው ነው?»

አክስቴ በአራት ዓረፍተ ነገር የነገረችኝን በሌክቸር አልሰማሁትም። ከመንገዱ እስከ ግቢው ያለው ጥቂት ሜትር ለተከራይ የማይመለስ ወጪ ነው። መኪና ለመጥራት ሲያዋጡ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይወጣል፤ ለማስገባት ግን ብሩ ባንዴ ይጠየቃል። ውሃ ከሌለ ደግሞ ቱቦው ይደፈናል። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም አላስገባም።

ስለዚህ የከተማ ፍሳሽ ሲታቀድ የቤት ማስገቢያው ወጪ ከዋናው መስመር ጋር አብሮ በብድሩ ውስጥ ቢገባ፣ ቤተሰቡም በውሃ ቢሉ ላይ በትንሽ በትንሹ ቢመልሰው ይሻላል እላለሁ። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ማስገባት ያለበት ባለቤቱ ነው። የውሃው ፈረቃ ላልተፈታበት ሰፈር ደግሞ ጉድጓዱ በወቅቱ እንዲመጠጥና ፍሳሹ ማጣሪያ እንዲደርስ ገንዘብ መመደብ ይቀድማል።

እኔ የማውቀው ከበሽታው ወገን ያለውን ነው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ፣ አካውንቲንግና የከተማ ፕላን የምታጠኑ ደግሞ ስሌቱን ትችሉታላችሁ። አምስት ቤተሰብ ያለበትን አንድ ግቢ ውሰዱና በወር ስንት ብር ቢከፍሉ በስንት ዓመት እንደሚያልቅ አስሉት። መልሱን ለአክስቴ እኔ አደርስላታለሁ።