በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

አምና በየሩሳሌም ቀን፣ በሱዳን መንገድ ላለቁብን ወገኖች ሄርዝል ተራራ መታሰቢያው ዘንድ ስንቆም እናታችን አብራን አልነበረችም። ሆስፒታል ተኝታለች። ከተራራው ወርደን ዳቦ ይዘን ልንጠይቃት ሄድን። የክፍሏ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ ጎኑ ጓንትና ካባ ተደርድሯል። «ቢዱድ ናት» አሉን።

እምዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። «በአገራችን አትንኩኝ የምንባለው እኛ ነበርን። እዚህ ደሞ እኔን የሚነካኝ ጠፋ» አለች። በ1996 የለገስነው ደም መደፋቱን የሰማን ሰዎች ነንና የእኛም ሐሳብ ወዲያው ወደዚያው ሄደ፤ በቀለሟ ነው አልን። ጓንቱን አውልቀን አቀፍናት፣ ሳምናት። ስንወጣም ሌላ ክፍል የተኙ አንድ የአገራችን ሽማግሌ ነበሩና ጉልበታቸውን ስመን፣ ትራሳቸውን አስተካክለን ወደ ቤታችን ሄድን።

በማግስቱ አንዲት ነርስ፣ የእኛው ልጅ ናት፣ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። ክሌብሲዬላ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ሆድ ውስጥ ሳያሳምም ይቀመጣል፣ በእጅ ይተላለፋል። የደከመ ሰው ደም ውስጥ ከገባ ግን፣ ሌላው ሲያቅት የሚሰጠው ካርባፔነም እንኳ አይገድለውም። በ2006 በእስራኤል ሆስፒታሎች ተስፋፋ፤ እስከ መጋቢት 2007 በ27 ሆስፒታሎች ወደ 1,275 ሰው ደረሰ። ያኔ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ ተሸካሚው ማንም ይሁን ማን ለብቻው ይተኛ፣ ነርሱም የተለየ ይሁን ብሎ አዘዘ። እስከ ግንቦት 2008 አዲስ የሚያዘው ሰው ከአምስት እጅ ወደ አንድ እጅ ወረደ። አዲስ መድኃኒት ተገኝቶ አይደለም።

ስለ አንቲቢዮቲካም ጠየቀችን። እውነቱን እንናገር፣ እምዬ ጉሮሮዋን ባመማት ቁጥር ከጎረቤት የተረፈ እንክብል ትውጥ ነበር። አገር ቤት ያቺን ቀይና ቢጫ ቴትራሳይክሊን ከሱቅ ገዝቶ ለተቅማጡም ለቁስሉም ያላደረገ ማን አለ? በዋጥን ቁጥር ደካማው ባክቴሪያ ይሞታል፣ ጠንካራው ቀርቶ ይራባል።

እምዬን ግን ቁጥሩ አላሳመናትም። «አያትሽ ከገበያ ሲመለሱ ሳይታጠቡ ቤት ይገቡ ነበር?» አልናት።
«ወይ ጉድ! እንዴት ተደርጎ!»
ከዚያ በኋላ ጓንት ሳናደርግ ስንገባ የምትቆጣን እሷ ሆነች።

ሽማግሌው በሳምንቱ ተመርምረው ተሸካሚ ሆነው ተገኙ። ከእኛ እጅ ይሁን ከሌላ፣ ማንም ሊነግረን አልቻለም። ልጆቻቸው ቤት ሄደን ያደረግነውን ነገርናቸው። ብዙ ዝም አሉ፤ ከዚያ ቡና አፈሉልን። አሁንም ሆስፒታል በገቡ ቁጥር እንጠይቃቸዋለን፣ ካባውን ለብሰን።