ለእራት ምን ይለበሳል?

ከዚህ በታች የምንጽፈው ከትምህርትም ከፖለቲካም የራቀ ስለ ሆነ፥ የመጽሔታችን አዘጋጆች «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» ብለው ቢጥሉት አንቀየምም። እኛ ግን (እኛ ስንል በዚህ ገጽ ልማድ አንድ ራሳችንን ማለታችን ነው) ነገሩ ከሆዳችን አልወጣ ስላለ ጽፈን ልንገላገለው ቆርጠናል። ጥያቄው በመርከብ ላይ ለእራት ምን ይለበሳል የሚል ነው።

ሳቁ፤ ተፈቅዷል። በግቢያችን ለእራት የሚለበሰው ምን እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከአልጋ ሲነሡ ሰውነት ላይ የተገኘው ነው። በነጠላ ጫማ ሄዶ ሽሮውን ተቀብሎ የሚመለስ ሰው ከፓፒዮን ጋር ምን አገናኘው? ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. ክረምት አሜሪካን አገር የሚኖሩት አክስታችን ጠሩን። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት የሰውን እናትና አባት ሲያነሡና ሲያስተኙ 26 ዓመት ሠርተው ጡረታ መውጣታቸው ነበር። «እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ እኔ ልነሣ» ብለው፥ ከፍሎሪዳ ተነሥቶ በካሪቢያን ባሕር ሰባት ሌሊት የሚዞር የሽርሽር መርከብ ለሁለት ሰው ከፈሉ። ልጅ አልወለዱምና ሁለተኛው ሰው እኛ ሆንን። ስለ ቪዛው ጣጣ አንጽፍም፤ እርሱ ለብቻው አንድ ልዩ እትም ይፈልጋል።

ከመርከቡ ኩባንያ ስለ አለባበስ አንድ ወረቀት ደርሷቸው ነበር። ከሰባቱ ማታ ሁለቱ የክብር ማታ ናቸው ይላል። በእነዚህ ወንድ ስሞኪንግ ወይም ጠቆር ያለ ሙሉ ልብስ ከከረባት ጋር፥ ሴት ደግሞ የማታ ቀሚስ ይለብሳሉ። በቀሩት ማታዎች ደኅና ሱሪና ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ይበቃል፤ ቁምጣ፥ የዋና ልብስና የላስቲክ ጫማ ግን ወደ ትልቁ የእራት አዳራሽ አይገቡም። ይህን ሁሉ የማይወድ ሰው ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ ምግቡን ራሱ እያነሣ ሊበላ ይችላል።

የእኛ ኮት የመርካቶ ሰልባጅ ነው። በውስጥ ኪሱ ላይ የአሜሪካን ሱቅ ስም ተሰፍቶበታል። ባለቤቱ የጣለው ልብስ ውቅያኖስ ተሻግሮ መጥቶ በእኛ ትከሻ ላይ እንደ ተቀመጠ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ያውም ያለ አንዳች ቪዛ። ሱሪውን የሰጠን የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ነው፤ ለምረቃው ያስቀመጠው ነበርና እስከ ዛሬ ድረስ ውለታውን ያስታውሰናል። ኮቱና ሱሪው ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ ጥቁርነታቸው ግን አንድ ዐይነት አልነበረም።

ልማዱ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ጥቂት መጻሕፍት አገላብጠናል። በአትላንቲክ ላይ ይመላለሱ በነበሩት ትልልቅ መርከቦች በአንደኛ ማዕረግ የሚጓዝ ሰው ማታ ማታ ለእራት ልብሱን ይለውጥ ነበር። ከዚህ ነፃ የነበሩት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ማታ ናቸው፤ በመጀመሪያው ሣጥኑ ገና ስላልተፈታ፥ በመጨረሻው ደግሞ ተመልሶ ስለ ታሰረ። በታችኛው ፎቅ የሚሰደደው ድኻ ግን ያለችውን አንዲት ልብስ ለብሶ ይበላል፤ ስለ ልብሱ የሚጠይቀው አልነበረም። በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በአፕሪል 1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ቤንጃሚን ጉገንሃይም የተባለው ባለጸጋ ከአሽከሩ ጋር የማታ ልብሱን ለብሶ ሞቱን እንደ ጠበቀ ይነገራል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጨዋነት ያነሣዋል። እኛ የምናስበው አሽከሩን ነው፤ የእርሱን ፈቃድ ማን ጠየቀ?

አሜሪካኖች ስሞኪንጉን ታክሲዶ ይሉታል፤ ስሙ የመጣው በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ካለው ታክሲዶ ፓርክ ከሚባል የባለጸጎች መንደር ነው። በ2000 (አሁንም በእነርሱ አቆጣጠር) ኖርዌጂያን የሚባለው የሽርሽር መርከብ ኩባንያ የክብር ልብስ ግዴታን አንሥቶ «እንደ ወደዳችሁ ለብሳችሁ በፈለጋችሁበት ሰዓት ብሉ» የሚል አሠራር አመጣ፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ አላሉ። በ2004 ሥራ የጀመረችው ኩዊን ሜሪ 2 ግን ከሳውዝሃምፕተን ወደ ኒው ዮርክ ስትሻገር የክብር ማታዋን አልተወችም። የእኛይቱ መርከብ በመካከል ነበረች።

አክስታችን ይህን ሁሉ ስንተርክላቸው አልተደነቁም። «እኛስ መች ያለ ሥርዐት እንለብሳለን?» አሉ። እውነታቸውን ነው። በአገራችን አንድ ነጠላ ስንት ነገር ይናገራል! ለቤተ ክርስቲያን ሲሆን መስቀለኛ ይጣፋል። ሐዘን የደረሰበት ሰው ጥለቱን ወደ ላይ ዘቅዝቆ ሲለብሰው ያየ ሁሉ ሳይጠይቅ ይገባዋል። በታላቅ ሰው ፊት የሚቆም ወገቡ ላይ ያደገድጋል፤ በሰርግ ላይ የሚያሳልፈውም እንዲሁ። ፈረንጅ ይህን ለማድረግ አምስት ዐይነት ልብስ ሲሰፋ፥ እኛ አንዱን ጨርቅ አምስት ጊዜ አዛወርነው። የታይታኒክ ባለጸጋ ነጠላ ቢኖረው ኖሮ ልብስ ለመለወጥ ወደ ክፍሉ መመለስ ባላስፈለገው ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥፋታችን እንምጣ።

ያ ወረቀት የመጣ ቀን አክስታችን ወጥ እየሠሩ ነበርና «አንተ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይደለህም? በል አንብብልኝ» አሉን። እኛም በኩራት ቆመን መስመር በመስመር ወደ አማርኛ እየመለስን አነበብን። ከታች በኩል «የየአገሩ የክብር ልብስና የወታደር የማዕረግ ልብስም ይፈቀዳል» የሚል መስመር ነበር። እርሱን ዘለልነው።

ለምን? አፈርን። አክስታችን በዚያ አዳራሽ ከነጥቁር ቀሚሱና ከነዕንቁው መካከል በሀገር ልብስ ሲገቡ፥ ሰው ሁሉ ሹካውን አስቀምጦ ሲያይ፥ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ «ይህ የምን በዓል ነው?» ብላ ስትጠይቀን ታየን። አንባቢ ልብ በል፤ በግቢያችን የባህል ቀን ሲከበር ጥለት ያለው እጀ ጠባብ ለብሰን ከፊት የምንሰለፈው፥ ስለ ማንነት ክርክር ሲነሣም ጠረጴዛ የምንመታው እኛው ነን።

«እንግዲህ ጥቁር ነው የምገዛው?» አሉ።

«አዎን እትዬ፤ ጥቁር ይሻላል።»

ገዙ። እጅጌ የሌለው፥ ደረቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር የተረጨበት ቀሚስ ነው። የመጀመሪያው የክብር ማታ በሁለተኛው ቀን ዋለ። በየደረጃው ሥር ፎቶግራፍ አንሺዎች ቆመው ሁለት ሁለት እያቆሙ ያነሣሉ፤ እኛም በሰልባጅ ኮታችን ደረታችንን ነፍተን ተነሣን። የአዳራሹ ማቀዝቀዣ ብርቱ ነው። አክስታችን ራቁት ክንዳቸውን በእጃቸው እያሻሹ፥ ትከሻቸው ላይ የሌለውን ነጠላ ደጋግመው ሲያስተካክሉ እናይ ነበር። አስተናጋጃችን ኢንዶኔዥያዊ ነበር፤ የሠራተኛው ሁሉ አገር ደረቱ ላይ ከስሙ ሥር ተጽፏል። አክስታችን የበሉበትን ሳሕን እየደራረቡ ሲሰጡት ደነገጠ፤ 26 ዓመት የለመደ እጅ አርፎ አይቀመጥም። ሎብስተር የሚባለውን የባሕር ፍጥረት ግን አልነካም ብለው ድንች በሉ።

በዚህ መካከል አንድ ስኮትላንዳዊ ገባ። ጉርድ ቀሚሱን ለብሶ፥ ጉልበቱ ራቁቱን፥ ከፊቱ የጠጕር ከረጢት አንጠልጥሎ። አጠገባችን ያሉት ሰዎች አጨበጨቡለት፤ አንዷ ሴት እንዲያውም ተነሥታ አብራው ፎቶግራፍ ልትነሣ ሄደች። አክስታችን እርሱን አዩት፤ ቀጥለው እኛን አዩን፤ ከዚያ ሾርባቸውን አዩ። ምንም አልተናገሩም።

ሦስት ሌሊት እንዴት እንዳደርን አንናገርም። መርከቡ ይወዛወዝ ነበር ብንል ውሸት ይሆናል፤ ባሕሩ እንደ ሰታቴ ውሃ የረጋ ነበር። በአምስተኛው ቀን ጧት፥ ሰው ገና ከመኝታው ሳይወጣ፥ ከላይኛው ፎቅ ላይ ሻይ ይዘው ሲቀመጡ አጠገባቸው ቁጭ ብለን የዘለልነውን መስመር ነገርናቸው።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን እትዬ?»

«መስመሩን ነዋ። ይህን ሁሉ ዓመት የበሽተኛ መድኃኒት ወረቀት ሳነብ የኖርሁ ሰው እንግሊዝኛ ያቅተኛል? አንተ ከመምጣትህ በፊት አንብቤው ነበር። ቀሚሴም ሻንጣው ውስጥ ነው ያለው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አፍረህ ነበራ! ስታነብ ድምፅህ ተለወጠ። ከእኔ ጋር ስትሄድ የምታፍር ከሆነ ጥቁር ብለብስ ምን ይጎድልብኛል ብዬ ነው።»

በዚህ ላይ የምንጨምረው ነገር አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም።

ሁለተኛው የክብር ማታ በስድስተኛው ቀን ነበር። ቀሚሱን ከሻንጣው ሥር አወጣነው። የፈትል ልብስ ስድስት ቀን ታጥፎ ከርሞ ምን እንደሚመስል እናቶቻችሁን ጠይቁ። በመርከብ ላይ ከሁሉ የሚፈራው እሳት ስለ ሆነ በየክፍሉ ካውያ መያዝ ክልክል ነው። ስለዚህ ቀሚሱን በመታጠቢያ ቤት ሰቅለን፥ በሩን ዘግተን፥ የሚያቃጥለውን ውሃ ለቀቅነው። እንፋሎቱ ክፍሉን እንደ ጠበል ቤት አደረገው። እኛ ውስጥ ቆመን ጥለቱን በመዳፋችን እየተኮስን ላባችን በሸሚዛችን ላይ ወረደ፤ አክስታችን ከውጭ ሆነው «ጥለቱን ወደ ታች ሳበው እንጂ! ምን ያለው ልጅ ነው!» እያሉ ያዙ ነበር።

ገቡ። ነጠላቸውን እንደሚገባው ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፥ ቀስ ብለው፥ የሚቸኩልበት ነገር እንደሌለው ሰው። ማንም ሹካውን አላስቀመጠም። ያች የፈራናት አሮጊትም አልመጣችም። አስተናጋጁ ብቻ ወንበራቸውን ሲስብ «ቆንጆ ነው፤ እናቴም ነጭ ትለብሳለች» አለ፤ እርሳቸውም ስለ እናቱ እየጠየቁ ሾርባው ቀዘቀዘ። ከእራት በፊት እንደ ልማዱ ፎቶግራፍ ተነሥተናል።

ፎቶግራፎቹ በመጨረሻው ቀን በግድግዳ ላይ ተደርድረው ይሸጣሉ። ዋጋቸውን አንጠራም፤ በእርሱ ለአንድ ወር ሽሮ ይበላል። አክስታችን አንዱን ብቻ እገዛለሁ ብለው ለብዙ ጊዜ ፊት ለፊት ቆሙ። እኛም ነጩን ቀሚስ ለማውረድ እጃችንን ዘረጋን። እርሳቸው የመጀመሪያውን አነሡ፤ ጥቁሩን።

«እትዬ፥ ይኸኛው አይሻልም?»

«በዚያኛው አቀርቅረሃል» አሉ። «በዚህኛው ግን ስቀሃል።»