“ላፕቶፕ አምጡልኝ” የሚል ትራክተር

እኔ የምለው፣ ሜክሲኮ ላይ የታክሲ ሰልፍ የሚጠብቅ ከተሜ ስለ ትራክተር ምን አገባው? እኔን ያገባኛል። አጎቴ አርሲ ውስጥ ስንዴ ያመርታል፤ ትራክተር በቆመ ቁጥር የሚደወለው ለእኔ ነው። እነሱ ዘንድ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ሁሉ ግማሽ መካኒክ፣ ግማሽ ደላላ ነው።

አሮጌዋ ማሲ ፈርጉሰን ብቻዋን በነበረች ጊዜ ወሬያችን አጭር ነበር። “ኩሽኔታው ሄዷል፣ ናሙናውን በአሰላ መኪና ልኬልሃለሁ።” ቅባት የጠገበውን ብረት በፌስታል ይዤ ሶማሌ ተራ እሄዳለሁ፤ ባለሱቁ ገልበጥ አድርጎ ያየውና “ቻይና ነው ኦሪጂናል?” ይለኛል። በማግስቱ ማሲ ታርሳለች። የሚፈታትም የሚገጥማትም የሰፈሩ ጋራዥ ልጅ ነው።

ከዚያ አዲሱ መጣ። ካቢን ያለው፣ ኤሲ ያለው፣ ስክሪን ያለው (አጎቴ የመጀመሪያውን ሳምንት ጫማውን አውልቆ ነበር የሚገባው)። ሥራው ግሩም ነው፣ አልዋሽም። ሰኔ ላይ ግን፣ ለዘር በምንጣደፍበት ሳምንት፣ ስክሪኑ ላይ ቀይ መብራትና አንድ ቁጥር ብቅ አለ። ሞተሩ ይነሳል፣ ጉልበት የለውም። የጋራዡ ልጅ ኮፈኑን ከፈተ፣ አየ፣ መልሶ ዘጋው። “ይሄ ላፕቶፕ ይፈልጋል።”

ሻጮቹ ቢሮ ሄድኩ። “ቴክኒሺያኑ ፊልድ ነው፣ ተራ ይጠብቁ።” ዘጠኝ ቀን! ዘግይቶ የተዘራ ስንዴ ፍሬ ሊሞላ ሲል ዝናቡ ጥሎት ይሄዳል፤ ይህን ለቢሮ ሰው ማስረዳት አይቻልም። አጎቴ የጎረቤቱን ያረጀ ቤላሩስ ተከራይቶ አረሰ።

በሽታው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በርሜል ውስጥ የከረመ፣ ውሃ የገባበት ናፍጣ። የአዲሶቹ ሞተሮች ናፍጣ ከ1000 ባር በሚበልጥ ግፊት ስለሚረጭ ትንሽ ቆሻሻና ውሃ ይጎዳቸዋል። የድሮዎቹ ፓምፖች ይህን ያህል አይቆጡም። ኮምፒውተሩ አደጋውን አውቆ ጉልበቱን ቀነሰ። ልክ ነበር፤ ሞተሩን አተረፈ፣ ዘሩን አዘገየ።

ጣጣው የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ገበሬዎችም በጆን ዲር ላይ ለዓመታት “የገዛነውን ራሳችን እንጠግን” ሲሉ ቆይተዋል፤ የአገሪቱ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በጃንዋሪ 2025 (እ.ኤ.አ.) ኩባንያውን ፍርድ ቤት አቁሞታል።

“ድሮ ደጉ” ለማለት ግን አልቸኩልም። ጭላሎ ውስጥ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ትራክተር ሲገባ ባለመሬቱ ጭሰኛውን ያባረረው በእነዚሁ “የዋህ” ማሽኖች ነው። ያለ ካቢንና ያለ መከላከያ ብረት ተዳፋት ላይ የተገለበጠ ትራክተር ደግሞ ሹፌሩን አይምርም።

በእኔ ግምት የአጎቴ ዓይነቱ ገበሬ አሮጌ ሳይሆን ቀላል ትራክተር ነው የሚያስፈልገው፤ ሚንስክም ህንድም አሁንም በአዲስ ይሠሩታል። ኮምፒውተራሙ የራሱ ወርክሾፕ ላለው ሰፊ እርሻ ይሁን። ወይም ደግሞ ሻጮቹ ላፕቶፑንና ሶፍትዌሩን ለጋራዡ ልጅ ይስጡት። ከሜክሲኮ ወረድ ብሎ ተግባረ ዕድ አለ፤ ልጆቹ የስህተት ኮድ ማንበብ የሚያቅታቸው አይመስለኝም፣ የይለፍ ቃሉ ሌላ ሰው ጋ ስላለ እንጂ።

አጎቴ አዲሱን አልሸጠም። ማሲን ግን ሁለት ሰዎች ዋጋ ቢጠሩለትም እንቢ ብሏል። ባለፈው ደውሎ ጓርኒሲዮን ግዛልኝ ሲለኝ “የቷ ተበላሸች?” አልኩት። “ማንም አልተበላሸም፤ ለሰኔ ይቀመጥ።”