ከየት አመጣኸው? ስለ እንግሊዝኛ ምንባብና ስለ ማስተዋል

ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ያነበቡትን መስማት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ዐይን ፊደሉን እየለየ፥ አንደበትም ቃሉን እያሳመረ እስከ ገጹ ዳርቻ ሲደርስ፥ ልብ ከመጀመሪያው መስመር ሳይነሣ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። አባቶቻችን «ግእዝ ያነባል» እና «ግእዝ ይሰማል» ብለው ሁለቱን በሁለት ቃል መለየታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ዳዊትን እየደገመ ምሥጢሩን ሳያውቅ ብዙ ዘመን የሚቀመጥ ሕፃን በንባብ ቤት እንደ ነበረና ዛሬም እንዳለ ሁላችን እናውቃለን። እንዲሁም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛውን ምንባብ ከፍ ባለ ድምፅ አሳምሮ ካነበበ በኋላ፥ «ምን ይላል?» ሲሉት ዐይኑን ወደ መሬት የሚጥል ወጣት አለ። ይህ ወጣት ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ማንበብን ያስተማረው ሰው ሲኖር መስማትን ያስተማረው ሰው ስለ ጐደለ ነው።

ምናልባት ከአንባቢዎቼ አንዱ፥ «በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ከእንግሊዝኛ ምንባብ ምን አገናኘው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ግእዝ ከእናቴ አፍ የሰማሁት ቋንቋ አይደለም፤ ግሱን ገስሼ፥ አገባቡን አጥንቼ፥ በመምህሬ እግር ሥር ተቀምጬ የተማርሁት ነው። እንግሊዝኛንም ካደግሁ በኋላ በማታ ትምህርት ቤት ተማርሁት። ስለዚህ እናቱ ባልተናገረችው ቋንቋ የተጻፈ ነገር የቀረበለትን ልጅ ጭንቀት ከሁለት በኩል ዐውቀዋለሁ። ደግሞም ከሠርክ ጸሎት በኋላ የሰፈራችን የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሮች ወደ ቤቴ ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹ ግእዝ ይጠይቁኛል፥ የሚበዙት ግን የልምምድ መጽሐፋቸውን ዘርግተው፥ «የኔታ፥ እስኪ ይህን ምንባብ አብረን እንየው» ይሉኛል።

ነገሩ የአንድ ትምህርት ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያኽል ባልጻፍሁ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት ወዲህ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤቶቻችን ቀድሞ ፈረንሳይኛ ይዞት የነበረውን ቦታ ያዘ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የመጀመሪያው ደረጃ ትምህርት በአገር ቋንቋዎች እንዲሰጥ ሲወስን፥ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን አጸና። እንግዲህ ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ሥነ ሕይወቱም፥ ታሪኩም፥ ፊዚክሱም በዚያው ቋንቋ ይመጣበታል። ምንባብ የማይሰማ ልጅ የሚወድቀው በእንግሊዝኛ ፈተና ብቻ አይደለም፤ አጥንቶ የሚያውቀውን የታሪክ ነገር እንኳ የጥያቄውን አነጋገር ባለመስማቱ ይስተዋል። የትምህርት ሚኒስቴር እንዳስታወቀው የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመጽሐፍ እጥረት አለ፥ የጦርነት ጉዳት አለ፥ የአስተማሪ ኑሮ መጐሳቈል አለ፤ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ላይ መጫን ከእውነት መራቅ ነው። ነገር ግን የጥያቄው ሁሉ በር በዚህ ቋንቋ የተሠራ ስለ ሆነ፥ በሩን መክፈት ያልቻለ ሰው በውስጡ ያለውን ሊያገኝ አይችልም።

ልምምዱ ምን እንደሚመስል ለማያውቁ አባቶች ባጭሩ ልንገር። አንድ ገጽ ያኽል ጽሑፍ ይቀርባል፤ ከሥሩ ጥያቄዎች ይከተላሉ፤ ለያንዳንዱም ጥያቄ አራት ምርጫ ይሰጣል። አንዱ ጥያቄ የጽሑፉን ዋና ሐሳብ፥ ሌላው በውስጡ የተነገረውን አንድ ነገር፥ ሌላው «እርሱ» ወይም «ይህ» የተባለው ማን ወይም ምን እንደ ሆነ፥ ሌላው የአንድን ቃል ፍች በገባበት ቦታ፥ የመጨረሻውና የሚከብደው ደግሞ በግልጥ ሳይነገር ከተነገረው የሚገኘውን ነገር ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ መልካም ናቸው፤ የቅኔ መምህርም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይጠይቅም። ጉዳቱ ያለው በሚለማመዱበት መንገድ ነው። ተማሮቹ የያዙት ብልሃት ይህ ነው፤ ጽሑፉን ትተው አስቀድመው ጥያቄውን ያነባሉ፥ ከጥያቄው አንድ ቃል ይይዛሉ፥ ያንን ቃል በጽሑፉ ውስጥ እንደ ጠፋ ፍየል እየዞሩ ይፈልጋሉ፥ ሲያገኙትም በአጠገቡ ያለውን ቃል የያዘውን ምርጫ ከበው ያልፋሉ። ፈታኙ ግን ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ከጽሑፉ የተቀዳውን ቃል ብዙ ጊዜ በሐሰተኛው ምርጫ ውስጥ ያኖረዋል፥ እውነተኛውን መልስ ግን ሌላ ቃል ያለብሰዋል።

ይህን ለማስረዳት አንድ ቀን ትንሽ ምንባብ ራሴ አዘጋጅቼ በእንግሊዝኛ ጻፍሁላቸው። ሐሳቡ በአማርኛ እንዲህ ነው፤ «አንድ ነጋዴ ወንድሙን በገበያ አገኘውና ልጁ እንደ ታመመ ነገረው። ወንድሙም ደንግጦ፥ ‹ጧት ከቤት ስወጣ ደኅና ነበረ እኮ› አለ፤ ዕቃውንም ሳይሰበስብ ሄደ።» ከዚያም «የታመመው የማን ልጅ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከመጡት ስድስት ልጆች አራቱ «የነጋዴው» አሉ፤ ነጋዴ የሚለው ቃል በመጀመሪያ ስለ ተጠራ ነው። አንዲት ልጅ «የወንድሙ» አለች። «ከየት አመጣሽው?» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቈየችና፥ «የኔታ፥ ‹ጧት ስወጣ ደኅና ነበረ› ያለው ወንድሙ ነው፤ የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ጧት በቤቱ ትቶት አይወጣም ነበር» አለች። ስድስተኛው ልጅ ግን የተጠየቀውን ትቶ «ልጁ ሞቶአል» አለ። እርሱንም ከየት እንዳመጣው ብጠይቀው፥ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ተመልክቶ፥ «ከድንጋጤው» ብሎ መለሰልኝ። በዚህች ትንሽ ጽሑፍ ሦስት ዓይነት አንባቢ ታየ፤ ቃል የሚለቅም፥ ምሥጢር የሚያወጣ፥ ከራሱ ልብ የሚጨምር።

«ከየት አመጣኸው?» የሚለው ጥያቄ የኔ አይደለም፤ የቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ቅኔውን ቈጥሮ ለነገራ ወደ መምህሩ ሲቀርብ፥ መምህሩ የቃሉን ማማር ብቻ አይመለከትም፤ ሰሙ ከወርቁ ጋር የተያያዘበትን፥ ባለቤቱና ግሱ የተስማሙበትን፥ ታሪኩ የወጣበትን ይመረምራል። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህርም ንባቡን አስነብቦ በቀጥታ ከፈታው በኋላ ነው «አንድም» እያለ የሚያወርደው። አንድም ማለት እንደ ልብ መናገር አይደለም፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ፍች ከንባቡ ጋር የሚታሰርበት ገመድ ሊኖረው ይገባል። ገመድ የሌለው ትርጓሜ ቢያምርም ይጣላል። በእንግሊዝኛውም ልምምድ ይህ አንድ ጥያቄ ቢጨመርበት ሥራው ሌላ ይሆናል። ተማሪው «ሐ» ብሎ በመክበቡ አይለቀቅ፤ ይህን ያሰኘህ የትኛው መስመር ነው፥ የቀሩትን ሦስቱን ያስጣለህስ ምንድር ነው፥ ተብሎ ይጠየቅ። በአንድ ምሽት አሥር ምንባብ እየሮጡ ከማለፍ አንዱን እንዲህ አድርጎ መመርመር ይበልጣል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የተጻፈው የጃንደረባው ነገር ስለዚሁ የሚያስተምረን አለ። የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ሹምና የገንዘብዋ ሁሉ አዛዥ የነበረው ያ ሰው በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ቀርቦ አስቀድሞ የጠየቀው ያነበበውን ያስተውል እንደ ሆነ ነው፤ እርሱም የሚመራው ሳይኖር ይህ እንዴት እንደሚሆንለት መልሶ ጠየቀ። ቀጥሎም ነቢዩ ይህን የተናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው፥ ብሎ ለማወቅ ፈለገ። አንባቢ ሆይ፥ አስተውል፤ ይህ በዛሬው የልምምድ መጽሐፍ «እርሱ የተባለው ማን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር አንድ ነው። ጃንደረባው ቃሉን ማንበብ አላቃተውም፤ የጐደለው ቃሉ በማን ላይ እንደሚያርፍ ማወቅ ነበር። ያልሰማውን ለይቶ መጠየቁም የመስማቱ መጀመሪያ ሆነለት።

ወደ ቋንቋው ጠባይ ስንመለስ፥ በግእዝ «ባሕቱ» ሲመጣ ነገሩ ወደ ሌላ እንደሚዞር፥ «በእንተዝ» ሲመጣ ምክንያቱ አልቆ ውጤቱ እንደሚከተል፥ «እንበለ» ሲመጣ ከተባለው ተለይቶ የሚወጣ ነገር እንዳለ የአገባብ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። እንግሊዝኛም እንዲሁ አገባብ አለው፤ «ሀውኤቨር» የባሕቱን፥ «ዜርፎር» የበእንተዝን ሥራ ይሠራሉ፤ «አንለስ» ደግሞ «ካልሆነ በቀር» ብሎ የተባለውን ነገር በአጥር ይከልለዋል። ልጆቻችን ረጃጅሞቹን ቃላት በደብተር ሲያከማቹ እነዚህን ትናንሾች እንደ ገለባ ያልፉአቸዋል፤ ዳሩ ግን ነገሩ የሚታጠፈው በእነርሱ ነው። ኅብርም አለው። «ራይት» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ቀኝ፥ አንድ ጊዜ ትክክል፥ አንድ ጊዜ መብት ይሆናል፤ በጆሮ ብቻ ለሰማውማ «ጻፍ» የሚለው ትእዛዝ ይጨመርበታል። ከነዚህ አንዱን የሚቈርጠው ቃሉ የተቀመጠበት ቦታ ነው እንጂ መዝገበ ቃላቱ አይደለም።

ሌላው ከቅኔ ቤት የምንወስደው የመጠን ነገር ነው። ጀማሪ ተማሪ መወድስ አይቈጥርም፤ በሁለት ቤት ከምትፈጸመው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይወጣል። በእንግሊዝኛው ግን አንድ ቀላል መጽሐፍ እንኳ ጨርሶ ላላነበበ ልጅ ከባዱ የፈተና ምንባብ ይቀርብለታል። ስለ ቃላት ትምህርት ብዙ የጻፈው ኒውዚላንዳዊው ሊቅ ፖል ኔሽን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጥናት፥ አንባቢ ያለ ረዳት በሚገባ ለመረዳት ከመቶው ቃል 98 ያኽሉን ማወቅ እንደሚያስፈልገው አመለከተ፤ ይኸውም ከ50 ቃል አንዱ ብቻ እንግዳ ሲሆን ማለት ነው። በየመስመሩ ሁለት ሦስት እንግዳ ቃል የሚያጋጥመው ልጅ መዝገበ ቃላት ይገልጣል እንጂ አያነብም። ስለዚህ ከልምምዱ መጽሐፍ ጎን ለአቅሙ የሚስማማ ቀላል ታሪክ በብዛት ሊያነብ ይገባዋል።

የነገሩን ታሪክ አስቀድሞ ማወቅም ለመስማት ትልቅ ረዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቤዝቦል ስለሚባለው ጨዋታ የተጻፈ ምንባብ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች ሰጡ፤ በንባብ ደካማ ሆነው ጨዋታውን የሚያውቁት፥ በንባብ ብርቱ ሆነው ጨዋታውን ከማያውቁት በልጠው ተገኙ። ይህ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሶምሶንን ታሪክ የማያውቅ ሰው በሶምሶን የተመሰለውን ቅኔ ቃሉን ሁሉ ቢፈታው ምሥጢሩን አያገኘውም። እንግዲህ በአማርኛም ሆነ በሌላው የአገራችን ቋንቋ ስለ ምድርና ስለ ሰማይ፥ ስለ ንግድና ስለ ሕክምና ብዙ ያነበበ ልጅ፥ ሳያውቀው ለእንግሊዝኛው ምንባብ ስንቅ ይዞአል።

ተማሮቹ ግን፥ «የኔታ፥ ፈተናው ሰዓት አለው፤ ይህን ሁሉ ለመመርመር ጊዜው ከየት ይመጣል?» ይሉኛል። ነገራቸው እውነት ነው፤ መስማት ለለመደ ሰውም ጥያቄውን አስቀድሞ ማየት ጊዜ ይቈጥብለታል። ቢሆንም ምርመራው የልምምድ ጊዜ ሥራ ነው፤ ፍጥነቱ ከልማድ በኋላ ይመጣል። በማኅሌት መካከል ቆሞ ቅኔ የሚዘርፍ ሊቅ እንደ ውኃ የሚፈስለት፥ ብዙ ሌሊት ቀስ ብሎ ስለ ቈጠረ ነው።

ከፈተናውም በኋላ ኑሮ የሚያቀርበው ምንባብ አራት ምርጫ የለውም። ባለፈው ክረምት አንዲት የጎረቤት እናት ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የወጣውን የእንግሊዝኛ ወረቀት ለልጅዋ ሰጠችው፤ ልጁም ያ «ሞቶአል» ያለው ልጅ ነው። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብቦ፥ «እማዬ፥ በቀን ሁለት ጊዜ የሚለውን ሰምቼዋለሁ፤ ከሥሩ ግን ‹አንለስ› ብሎ የሚከለክለው ነገር አለ፥ እርሱን አልሰማሁትም፤ ሳንጠይቅ አትውሰጂ» አላት፤ ይዞአትም ወደ መድኃኒት ቤት ሄደ። ይህን ስሰማ ከማናቸውም የፈተና ውጤት አብልጬ ደስ አለኝ። የሰማውንና ያልሰማውን የሚለይ ልጅ ማንበብን በእውነት ጀምሮአልና፤ ያ በሠረገላ የሚሄድ ታላቅ ሹምም አልሰማሁም ለማለት አላፈረም።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ «እኛ እንግሊዝኛ አናውቅም፥ ምን እንረዳቸዋለን?» አትበሉ። ልጃችሁ ማታ መጽሐፉን ዘርግቶ ሲቀመጥ አጠገቡ ተቀመጡና «ምን ይላል?» በሉት፤ በአማርኛ ሲነግራችሁም «ከየት አመጣኸው?» ብላችሁ መስመሩን በጣቱ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ይህን ለመጠየቅ እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም፤ ከልጁ ጋር ጥቂት መቀመጥ ይበቃል።