ግያዝና የባንክ ደብተሮቼ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለማስተማር ብቻ አይደለም፤ የበደልሁትን ለመናገርም ጭምር ነው። የንስሐ አባቴም ለሌሎች ትምህርት ይሆን ዘንድ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

በመኝታ ክፍሌ ሻንጣ ውስጥ 6 የባንክ ደብተሮች ነበሩኝ። ከእነርሱ መካከል በእውነት የምገለገልበት አንዱ ብቻ ነው፤ እናቴ በመቂ ገበያ ሽንኩርት ሸጣ የምትልክልኝ ገንዘብ የሚገባበት። የቀሩትን 5 የከፈትኋቸው ስለ ስጦታቸው ነበር። በአዳማ ዋና ጎዳና የባንክ ቅርንጫፎች ጎን ለጎን ተሰልፈው የሚታዩ ናቸው። ሠራተኞቻቸው በትምህርት መጀመሪያ ሰሞን በግቢያችን በር ጃንጥላ ዘርግተው ተማሪውን ይጠሩታል። አንዱ ካናቴራ ይሰጣል፣ ሌላው የሞባይል ካርድ። እኔም በ50 ብር ሒሳብ እከፍታለሁ፤ ስጦታዬን ተቀብዬ ብሩን በማግሥቱ ወጪ አደርጋለሁ። ቅጹ ላይ «ሒሳቡ የተከፈተበት ምክንያት» በሚለው ቦታ 5 ጊዜ «ለቁጠባ» ብዬ ጽፌያለሁ።

ባንኮች ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ያለ ምክንያት አይደለም። በደርግ ዘመን ተወርሰው የነበሩት ባንኮች ዳግም በግል እንዲቋቋሙ በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ከተፈቀደ ወዲህ ቁጥራቸው እጅግ በዝቷል። ባንክ የሚያበድረው ከሌላው ያሰባሰበውን ተቀማጭ ነው፤ ስለዚህ ለአዲስ ደንበኛ ስጦታ ቢሰጥ ነገ ይቆጥባል ብሎ ነው። ቴሌብርም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ብዙዎቻችን ስጦታ አለው ስለ ተባለ ብቻ የተመዘገብንበት ጊዜ ነበር። ይህ ጥበባቸው እንጂ ኃጢአታቸው አይደለም። ሒሳብ ከፍቶ የተሰጠውን ስጦታ መቀበልም በራሱ ስርቆት ነው አልልም።

የእኔ ነገር ግን በዚያ አልቆመም። ከአንድ ባንክ ሠራተኛ ጋር ተዋወቅሁ። መልካም ሰው ነው፤ ነገር ግን በየወሩ ሊሞላው የሚገባ ኮታ አለበት፤ ካልሞላ ይወቀሳል። «ዲያቆን፣ አንተን ሰዎች ያምኑሃል፤ ሰው ብታመጣልኝ ለእያንዳንዱ የካርድ እሰጥሃለሁ» አለኝ። እኔም በእሑድ መርሐ ግብር ማብቂያ ላይ «መታወቂያና ጉርድ ፎቶግራፍ ይዛችሁ ኑ» ብዬ አስታወቅሁ። በቀጣዩ እሑድ ሠራተኛው ከቅጥሩ ውጭ ተቀምጦ 23 ሰዎች ቅጽ ሞሉ። የካርዱ ገንዘብ ለሁለት ወር የስልክ ወጪ በቃኝ።

ከ23ቱ አንዲቱ በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሎ የሚሸጡ እናት ነበሩ። ማንበብ ስለማይችሉ በጣታቸው ፈረሙ፤ 50 ብሩንም ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከቅዳሴ ስወጣ ጠርተው «ልጄ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የሰጠኋት ብር ደረሰችለት?» ብለው ጠየቁኝ።

ምን ልመልስ? ለቤተ ክርስቲያን ነው አላልኋቸውም ነበር። ግን ለምን እንደ ሆነም አልነገርኋቸውም። ዲያቆን ሲጠራቸው ለእግዚአብሔር ቤት እንጂ ለሌላ መስሏቸው አያውቅም። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ በዚያ ዝምታ ተጠቀምሁ።

በዚያ ሌሊት ያሰብሁት የነቢዩ ኤልሳዕን ሎሌ ግያዝን ነው። በመጽሐፈ ነገሥት እንደምናነበው፣ ንዕማን ከለምጹ በነጻ ጊዜ ነቢዩ ስጦታውን አልቀበልም አለ። ግያዝ ግን ከኋላው ሮጦ በጌታው ስም ለሁለት እንግዶች የሚሆን 1 መክሊት ብርና ልብስ ለመነ። ንዕማንም ሳይከፋው በደስታ 2 መክሊት ሰጠው። ልብ በሉ፤ ሰጪው አልተጎዳም፣ አልተቀማም፣ እንዲያውም ጨምሮ ሰጥቷል። የግያዝ በደል ታዲያ የቱ ላይ ነው? የራሱ ያልሆነውን ስም መሸጡ ላይ ነው። ነቢዩ በነጻ የሰጠውን ጸጋ ሎሌው ዋጋ አወጣለት። እኔም «ባንኩ ራሱ ወዶ ሰጠኝ» እያልሁ ኅሊናዬን ሳጽናና የኖርሁት የሸጥሁት የገዛ ራሴን ስም መስሎኝ ነበር።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ሌላ ነገር አለ። ለመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሥርዓት ብልሽት ደርሶ ብዙ ሰዎች፣ ከእነርሱም በርካታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደ ወጣ አስታወቀ፤ ያልመለሱትንም በስማቸውና በፎቶግራፋቸው ይፋ አደረገ። ጊዜው የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት ነበር። እኔም በሰንበት ትምህርት ቤታችን ቆሜ በጥቂቱ ስለ መታመን አጥብቄ አስተማርሁ። በዓመቱ በዚያው ስፍራ ቆሜ መታወቂያ ሰበሰብሁ። የእነዚያ ተማሪዎች ጥፋት በአንድ ሌሊት ፈተና የመጣ ነው፤ የእኔ ግን ታስቦበት ነበር።

ንስሐ ከገባሁ በኋላ ሁለት ነገር አደረግሁ። የማልገለገልባቸውን 5 ሒሳቦች በየቅርንጫፉ ሄጄ ዘጋሁ። ከዚያም በእሑድ መርሐ ግብር ላይ ቆሜ የሆነውን ሁሉ ነገርሁ፤ ሒሳቡን ሊዘጋ የሚፈልግ ካለም አብሬው እንደምሄድ ተናገርሁ። 9 ሰዎች መጡ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ስማችሁ ያለበትን ሒሳብ ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ረስታችሁት የተቀመጠ ወይም ለሌላ ሰው ያዋሳችሁት ሒሳብ የማታውቁት ገንዘብ ቢዘዋወርበት በመጀመሪያ የሚጠየቀው ባለ ስሙ ነው። ስጦታ ሲቀርብላችሁም «ይፈቀዳልን?» ብቻ አትበሉ፤ «የምሰጠው ቃል እውነት ነውን? የማቀርበውስ ስም የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በተለይ እኛ በመቅደስ የምናገለግል፣ ሰዎች ሳይጠይቁ የሚሰጡን እምነት የእኛ ሀብት አይደለም፤ አደራ ነው።

እኚያን እናት ወደ ቅርንጫፉ ወሰድኋቸው። 50 ብራቸውን ተቀብለው በመቀነታቸው ቋጠሩ፤ አልተቆጡኝም፣ መረቁኝ እንጂ። ከዚያ ወዲህ ግን ለበዓለ ንግሥ መዋጮም ቢሆን ስጠይቃቸው እጃቸውን ከመቀነታቸው ላይ አድርገው አስቀድመው «ልጄ፣ ይህ የማን ነው?» ይሉኛል። እኔም በየጊዜው እነግራቸዋለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ያስተማርኋቸውም እኔ ነኝ።

እግዚአብሔር አምላካችን የተቀበልነውን አደራ እንድንጠብቅ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።