የትክክለኛ ግምት ዋጋ

በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የሚኖረው፣ የነገን ዋጋ ዛሬ የሚያውቀው ነጋዴ በኮምፒውተር ሳይንስ ውስጥ ዘመድ አለው። ማይክል ራቢንና ዴና ስኮት በ1959 ባሳተሙት ጽሑፍ የተገለጸው ማሽን የቀረበለትን ፊደል በፊደል ያነባል፤ ማስታወሻው በየቅጽበቱ ሊገኝባቸው ከሚችላቸው የተወሰኑ ሁኔታዎች አያልፍም። እንግዳው ነገር መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ ነው። ከመንገዶቹ አንዱ እንኳ ወደ አዎንታ የሚያደርስ ከሆነ፣ ማሽኑ ያንኑ እንደ መረጠ ይቆጠርለታል። ይህ ዕጣ ሳይሆን ሳይሳሳቱ መገመት ነው። ሊቃውንቱ ኖንዲተርሚኒዝም ይሉታል።

ስጦታውን ማንሳት ይቻላል፤ ሂሳቡ ግን ከባድ ነው። የ0 እና የ1 ረጅም ተርታ ይታሰብ። ጥያቄው፦ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ሲቆጠር 20ኛው ምልክት 1 ነውን? ተርታው የት እንደሚያበቃ አስቀድሞ አይታወቅም። ገማቹ ማሽን አንዱን 1 «ይህ ነው» ብሎ ይመርጥና የቀሩትን 19 ይቆጥራል፤ 21 ሁኔታዎች ይበቁታል። መገመት የተከለከለው ማሽን የመጨረሻዎቹን 20 ምልክቶች ዘወትር ማስታወስ አለበትና 1,048,576 ሁኔታዎች ያስፈልጉታል።

እስከዚህ ጥያቄው መገመት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚል ነው። ቻንድራ ኪንታላና ዴትሌፍ ቮትሽከ በ1980 ግምትን እንደ ማንኛውም ውድ ሀብት መጠኑን ለኩት። ስንት ጊዜ?

ባለ 20 ሁኔታ ማሽን መነሻው ላይ ብቻ ከ2 በሮች አንዱን ገምቶ ይግባ፤ ከዚያ በኋላ ምርጫ አይኑረው። ያለ ግምት ለሚተካው ማሽን ቢበዛ 210 ሁኔታዎች ይበቁታል፤ ሥራው ሁለቱን ጉዞዎች ጎን ለጎን መከተል ብቻ ነውና፦ 190 ጥንዶች፣ ጉዞዎቹ ሲገጣጠሙ ደግሞ 20 ነጠላዎች። በሮቹ 3 ቢሆኑ 1,350። በየእርምጃው መገመት ሲፈቀድ ግን ጣሪያው ከሚሊዮን ያልፋል።

የመጀመሪያው ምሳሌ አንድ ረቂቅ ነገር ይዟል። ለእያንዳንዱ ተርታ ትክክለኛው ግምት ቢበዛ አንድ ነው፤ አሻሚነት የለም። ሆኖም ዋጋው ጣሪያ ነክቷል። ያስወደደው ገና ያልተቋጩት ግምቶች ብዛት ነው፤ እያንዳንዱ 1 አዲስ ግምት ይከፍታል፣ 20 ምልክቶች እስኪሞሉም አይዘጋም።

የምጣኔ ሀብት ሞዴል ስለ ተዋናዩ «ያውቃል» ሲል ይህ ሂሳብ አይቀርብም። (ጆን ሙዝ በ1961 ሰው አይሳሳትም እንዳላለ መታወስ አለበት፤ ያለው ስሕተቱ ወደ አንድ ወገን አያደላም ነው።) አንድ ጊዜ በሩ ላይ የሚወስን ቤተሰብና በየወሩ የሚወስን ነጋዴ ዕውቀቱን በእኩል ዋጋ፣ ማለትም በነጻ፣ ያገኛሉ። ልዩነታቸው የ210 እና የሚሊዮን ያህል ሊሆን ሲችል ይህን መዝለል ቀላል ግድፈት አይደለም።

ኬን ቶምሰን በ1968 ለጽሑፍ ፍለጋ ያቀረበው ዘዴ የሚሊዮኑን ሰንጠረዥ አይገነባም። በሕይወት ያሉትን ግምቶች ዝርዝር ይዞ ያነባል፤ አዲስ ፊደል በመጣ ቁጥር የተሻሩትን ይጥላል። ከላይ ባለው ምሳሌ ዝርዝሩ ከ21 አይበልጥም። ወደ እውነተኛው ነጋዴ የሚቀርበው ይህ አሠራር ይመስላል፤ ነገን አያውቅም፣ ጥቂት ግምቶችን አብሮ ይይዛል፣ ይዞ ለቆየበትም በየቀኑ ይከፍላል።